አራት ፍሬ ኪኒን

ሰው መናቅ የተከበረ ሙያ ቢሆን ኖሮ ቆጣሪዋ እስከ ዛሬ በሽልማት ጡረታ ወጥታ ነበር። ዘበኛውን ትንቀዋለች፣ ቆሞ ያንቀላፋል ብላ። ነርሶቹን ትንቃቸዋለች፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ “የኔ ቆንጆ” ይላሉ ብላ። ጸሐፊዋን ትንቃታለች፣ ሠላሳ ላይ አሥራ ሁለት ለመደመር ስልክ ታወጣለች ብላ። የጣቢያውን ኃላፊ፣ ዋናውን ዶክተርማ ተዉት! እሱን ለመናቅ ለብቻው ሰዓት አላት፤ ምሳዋን ስትበላ። ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ብድግ ብላ “ዶክተር” ትለዋለች። አለቃ ነዋ፣ ምን ታድርግ!

ቆጣሪ ያሰኛት ሥራዋ ነው። ወደ ምርምር ጣቢያው ከመምጣቷ በፊት ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሸሚዝ ቁልፍ ቆጥራለች፤ አምሳ አምሳውን በከረጢት። ፋብሪካው ሲዘጋ ጣቢያው ጥንቁቅ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄደች። ዶክተሩ ለፈተና ብሎ አንድ እፍኝ ኪኒን ጠረጴዛው ላይ በተነና “ስንት ነው?” አለ። ሌሎቹ አመልካቾች ጣታቸውን ቀስረው አንድ፣ ሁለት ማለት ሲጀምሩ እሷ አንዴ አየት አደረገችና “ስልሳ ሦስት” አለች። ሦስት ጊዜ ተቆጠረ፤ ስልሳ ሦስት። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ ትክክለኛ ነገር አንድ ብቻ እንደሆነ አመነች። እሱም የሷ ቁጥር ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ምርምሩ በአጭሩ ይኸውላችሁ። ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ሴቶች በየቀኑ አንድ ሰማያዊ ኪኒን ይውጣሉ፤ እንዲህ ሲያደርጉ ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር ቢተኙ እንኳ ሳይያዙ ይቀሩ እንደሆነ ይታያል። ለሁሉም የሚታደለው እውነተኛው መድኃኒት ነው፤ ያን ጊዜ ከዚያ ግቢ ውጪ በከተማው የትም አይገኝም። ሴቶቹ በየሃያ ስምንት ቀኑ ይመጡና ጠርሙሳቸውን በመስኮት ለቆጣሪዋ ይሰጣሉ። እሷ የተረፈውን ቆጥራ ትጽፋለች። ከዚያ ነርሷ ደም ትቀዳለች። ቫይረሱ ይኑርባቸው አይኑርባቸው እዚያው ይነገራቸዋል፤ በደማቸው ውስጥ መድኃኒቱ አለ ወይስ የለም የሚለው ግን የሚታወቀው መጨረሻ ላይ፣ በማቀዝቀዣ የተቀመጠው ደም ተሰብስቦ ሲመረመር ነው። እስከዚያ ድረስ ማን እንደዋጠ ማን እንዳልዋጠ የሚመሰክረው የቆጣሪዋ ብዕር ብቻ ነበር።

ታዲያ ዋናው ዶክተር ምን አሰበ መሰላችሁ? ይኸው ምርምር በሌሎች ከተሞችም ይካሄድ ነበርና የሱ ጣቢያ አንደኛ መውጣት አለበት። የትምህርት ቤት ፈተና መሰለው እኮ! ስድስት ጊዜ በተከታታይ ባዶ ጠርሙስ ለመለሰች ሴት “ታማኝ ተሳታፊ” የሚል ምስክር ወረቀት በመስታወት አሠርቶ ይሸልማታል፤ ፎቶዋንም መጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። በዚህ አላበቃም፤ በላዩ ሌላ ደንብ ጨመረበት። ሦስት ጊዜ ኪኒን የተረፋት ሴት ከምርምሩ ትሰናበታለች። ይህን ደንብ ምርምሩን የነደፉት ሰዎች አያውቁትም። ከዶክተሩ ጭንቅላት የፈለቀ ነው፤ ከዚያ ጭንቅላት ደግሞ ሌላ ነገር ሲፈልቅ ያየ የለም።

ቆጣሪዋ ዶክተሩን ብትንቅም ደንቡን ግን ወደደችው። ባዶ ጠርሙስ ሲመጣላት ደስ ይላታል፤ ገልበጥ ታደርገውና ከሥሩ ቸብ ቸብ አድርጋ ዜሮ ትጽፋለች፤ ዜሮዋም ክብ ናት፣ በሳንቲም የተሠመረች ነው የምትመስለው። ከሁሉም የምትወዳት አንዲት የፀጉር ቤት ባለቤት ነበረች። ወይዘሮ ዜሮ ብላ ስም አውጥታላታለች። ሴትዮዋ እየሳቀች ትገባለች፣ ባዶ ጠርሙሷን እያንቃጨለች ትሰጣለች፣ እየሳቀች ትወጣለች። ግድግዳው ላይ መጀመሪያ የተሰቀለው ፎቶ የሷ ነው። “ይቺ ናት ሰው!” ትላለች ቆጣሪዋ፤ ይህን ቃል ከአፏ ለማውጣት ሌላ ሰው ዓመት ይለምናታል።

በተቃራኒው ደግሞ ባለትርፍራፊዋ ነበረች። ይህንንም ስም ያወጣችላት ቆጣሪዋ ራሷ ናት። ሴትዮዋ ሆቴል ቤት አንሶላ ተኳሽ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ የካውያ ጠባሳ ነው። ባሏ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነው። ቅዳሜና እሑድ በሰው ሰርግ ይውላል፣ ያድራል፤ ሰኞ ሲመለስ ሸሚዙ የሚሸተው የማን ሽቶ እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሁለት ጊዜ ከውጪ የአባለዘር በሽታ አምጥቶ አስይዟታል። ኮንዶም ስትለው “ተጠራጠርሽኝ?” ብሎ ቤቱን ያምሳል፤ ዓይኑን በጨው ያጠበ! ወንድሞቿ ዘንድ ስትሄድ “ቻይው” ይሏታል፤ እነሱ ምን ቸገራቸው። እንግዲህ በዚህች ሴትና በቫይረሱ መሃል የቆመው ነገር ያቺ ሰማያዊ ኪኒን ብቻ ነበረች።

የመጀመሪያው ጊዜ ሦስት ተርፏት መጣች።

“ይሄ ምንድነው?” አለች ቆጣሪዋ፣ ኪኒኖቹን በፕላስቲክ ቢላዋ አንድ በአንድ ወደ ጎን እየገፋች።

“ሦስት ቀን አመለጠኝ እህቴ። እሱ ቤት ሲውል ጠርሙሱን ማውጣት አልቻልኩም።”

“እኔ የባልሽን ታሪክ አልጠየቅሁሽም።”

“ኧረ ጠይቀሽኛል! ምንድነው አልሽኝ እኮ።”

ከኋላ የተሰለፉት ሴቶች ሳቁ። ቆጣሪዋ መሳቂያ መሆንን እንደ ሞት ነው የምትጠላው። ሦስት ብላ ጻፈችና ከሥሩ በቀይ አሰመረችበት። ቀዩ መስመር በማንም ደንብ ውስጥ የለም፤ ከራሷ ያመጣችው ነው።

የሁለተኛው ጊዜ አምስት ተረፋት። ጉንፋን ይዟት ሰንብታ ሌላ መድኃኒት ስትወስድ ፈርታ ትታው ነበር። ቆጣሪዋ ቆሽቷ አረረ። “ያቺን ሴትዮ እያት” አለቻት በብዕሯ ወደ ግድግዳው እያመለከተች። “አራት ልጅ ታሳድጋለች፣ ፀጉር ቤት ታስተዳድራለች፣ አንዲት ፍሬ ተርፏት አያውቅም።”

ሴትዮዋ ቀና ብላ የወይዘሮ ዜሮን ፎቶ አየች። “እሷ መልአክ ናት እንግዲህ” አለች፣ “እኔ ሰው ነኝ።”

“በምላስሽ ከምታወሪበት ዋጪበት!”

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት የጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ፣ ሁሉም እማማ የሚላቸው ሴትዮ፣ መጠበቂያ ክፍሉ ጥግ ያለውን የፕላስቲክ አበባ ከነማሰሮው ሊያነሱት ሲሉ ከበዳቸው። ከላይ የተነሰነሰውን ጠጠር ገለጥ ቢያደርጉት ሥሩ ሰማያዊ ነው።

“አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ ጉድ እዪ!” ብለው ጠሯት። “የፕላስቲክ አበባ ሲያፈራ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

ቆጣሪዋ ማሰሮውን ታቅፋ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ገለበጠችው። ልማድ ነውና መቁጠር ጀመረች። አራት መቶ ስልሳ ሁለት። እንደገና ቆጠረች፤ ያው ነው። ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። ዓመት ሙሉ የጻፈቻቸው እነዚያ ክብ ዜሮዎች እዚህ ተኝተው ኖረዋል።

“አላወቅሽም ነበር እንዴ?” አሉ እማማ በሩን ከፈት አድርገው። “ሁሉም ያውቃል እኮ። ሽንት ቤት የምትደፋም አለች። ጠርሙሱን ያየ ጎረቤት በሽታው አለባት ይለኛል ብላ የምትፈራ አለች፤ ያቅለሸልሸኛል የምትል አለች፤ ለምርመራውና ለልጇ ሕክምና ብላ ብቻ የምትመጣም አለች። ተርፎኛል ቢሉሽ ትጮሂባቸዋለሽ፣ ዶክተሩ ደግሞ ያባርራቸዋል። ታዲያ ምን ያድርጉ?”

“የፀጉር ቤቷም?”

“ወይ አንቺ! አበባውን ያስለመደቻቸው ማን ሆነና!”

ቆጣሪዋ ማሰሮውን ይዛ ዶክተሩ ቢሮ ገባች። ዶክተሩ ወደ ውስጥ አየት አድርጎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ፤ የሞተ አይጥ ያመጣችለት ነው የሚመስለው።

“በሚቀጥለው ወር ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ” አለ። “አንቺ የተቀጠርሽው ከጠርሙስ ልትቆጥሪ ነው ወይስ ከአበባ ሥር?”

“ከጠርሙስ፣ ዶክተር።”

“በቃ እንግዲህ።”

ማሰሮው መጋዘን ገባ። በቦታው ሌላ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠ፤ የዚህኛው ማሰሮ ከበፊቱ ይሰፋል። ቆጣሪዋ ዶክተሩን ሙልጭ አድርጋ ሰደበችው፤ በሆዷ። እንግዶቹ መጡ፣ ግድግዳውን አዩ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። እሷም እዚያው ከመስኮቷ ኋላ ተቀምጣ ዜሮ መጻፏን ቀጠለች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሰውን ሁሉ ፈሪ ስትል የኖረች ጀግና እንግዲህ ይቺው ናት!

ባለትርፍራፊዋ እንግዶቹ በሄዱ በሳምንቱ መጣች። ጠርሙሱን አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አራት ናቸው” አለች። “ራሴ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሦስተኛዬ እንደሆነም አውቃለሁ።”

“ካወቅሽ ጥሩ።”

“እዚያ ጋ አበባ አለ። ሌሎቹ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፤ እኔም መንገድ ላይ አስቤው ነበር። ግን ምርምር ነው፣ ያመለጣችሁን በእውነት አምጡ ያላችሁን እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ አመጣሁት።” ወደ መስኮቱ ይበልጥ ጠጋ አለች። “ዛሬን ብቻ ዜሮ በዪልኝ እህቴ። ሰውዬው ሰሞኑን ከአንዲት የሰርግ ዘፋኝ ጋር ነው፤ ዓይኔ እያየ ነው። ያለዚህ ኪኒን ምን ይውጠኛል?”

የቆጣሪዋ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆመ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለትንሽ ጊዜ ልቧ ራርቶ ነበር። ይቺ ሴት ከሃያ ስምንቱ ሃያ አራቱን እንደዋጠች ታውቃለች፤ ግድግዳው ላይ ካሉት የብዙዎቹ ኪኒን የት እንዳደረም ታውቃለች። ጣቷ ወደ ዜሮው ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ግን ሰልፉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ያያሉ፤ ደግሞ እሷ፣ ቆጣሪዋ፣ የሐሰት ቁጥር ልትጽፍ?

“እኔ የሌለ ቁጥር አልጽፍም” አለች።

“የሌለ ቁጥር?” ሴትዮዋ ዘወር ብላ ግድግዳውን አየች። “ያ ሁሉ ፎቶ ታዲያ ምንድነው?”

ይህን ባትናገር ኖሮ ምናልባት። ቆጣሪዋ ግን ፊቷ ቲማቲም መሰለ፣ አራት ብላ ጻፈች፣ በቀይ አሰመረችና “የሚቀጥለው!” ብላ ጮኸች። ልክ ነው፣ አራት ነበሩ፤ ማን አልነበሩም አለ? ግድግዳ ሙሉ ውሸት በዜሮ ስትሸልም ከርማ አንዲቷን እውነተኛ ሴት በእውነት መታቻት። እንዲህ ያለ እውነት አፍንጫውን ይላስ! በማግስቱ ዶክተሩ የስንብቱን ደብዳቤ ሳያነበው ፈረመ።

እሑድ ምሳ ላይ ነገሩን ለታላቅ እህቷ አወራችላት። ሁለቱ አብረው ነው የሚኖሩት፤ እህትየው ልብስ ሰፊ ናት፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ታናሿን እንደ ልጇ ነው የምትቆጥራት። ቆጣሪዋ ያወራችው እንድትመሰገን ነበር።

“እና መድኃኒቷን ቀማሻት?” አለች እህትየው።

“ደንቡ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?”

“ብዕሩን የያዘው ደንቡ ነው?”

“አንቺ ደግሞ ስለ ምርምር ምን ታውቂያለሽ? ዝም ብለሽ መርፌሽን አትወጊም?”

እህትየው ሳህኗን አነሳች፣ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄዳ ተቀመጠች። እስከ ረቡዕ ድረስ አላናገረቻትም። ቆጣሪዋም አኮረፈች። ጠርሙስ በተገለበጠ ቁጥር ግን ያቺ ተኳሽ ትዝ እያለቻት ዜሮዎቿ ክብነታቸው ጠፋ። ሄዳ ልትፈልጋት አሰበች፤ ዛሬ ነገ ስትል አምስት ወር አለፈ። ምን ብላ ትሂድ? ተሳስቻለሁ ብላ? እሷ?

በአምስተኛው ወር የላቦራቶሪው ሰውዬ የደሙን ውጤት ይዞ መጣ። ሠራተኛው ሁሉ መሰብሰቢያ ክፍል ገባ። ሰውዬው ክፉ ነገር የማይወድ ዓይናፋር ነው፤ ወረቀቱን ከፊቱ ሳያርቅ ነው ያነበበው። ከመቶ ሴት በደማቸው መድኃኒት የተገኘባቸው አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሠላሳ አንድ ሴቶች ሁለት። መድኃኒቱን እየዋጡ ሳሉ ቫይረሱ የያዛቸው የሉም፤ ካልዋጡት ግን ሰባት ተይዘዋል። ከዚያ ገጹን ገለጠና፣ “አንዲት ተሳታፊ ደግሞ አለች፣ ከምርምሩ የወጣች” አለ። “እስከ ወጣችበት ቀን በእያንዳንዱ ደሟ ውስጥ መድኃኒቱ አለ። ከሁሉም የበለጠች እሷ ናት።” የመለያ ቁጥሯን አነበበ። ቆጣሪዋ ቁጥር አትረሳም።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። “እኛ የሚጠበቅብንን አድርገናል” አለ። “ሴቶቹ ናቸው የዋሹን። ከእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ጋር ምርምር መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሪፖርቱ እገልጻለሁ።” ይህን ብሎ ውኃውን ጠጣ። እንግዲህ ይኸ ሰው ነው ዶክተር የሚባለው!

“ኪኒኑ ለሌሎቹ መታደሉ ካልቀረ ያቺንም ሴት እንመልሳት” አለች ቆጣሪዋ።

“የቷን?”

“የፈረሙባትን።”

ዶክተሩ ሊያስታውስ ሞከረ፤ ትዝ አላለችውም። ቆጣሪዋ ብድግ አለች። “ዶክተር፣ እኔ ስንት ነገር ቆጥሬያለሁ” አለችው። “እርስዎን የሚያክል ባዶ ጠርሙስ ግን በእጄ ገብቶ አያውቅም።” የላቦራቶሪው ሰውዬ ከወረቀቱ ኋላ ተደበቀ። ዶክተሩ “ምን አልሽ?” ሲል እሷ በሩ ጋ ደርሳ ነበር።

እግሯ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ወሰዳት። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከጓሮ ነው፤ ውስጡ እንፋሎት፣ ግድግዳው ላብ በላብ። አንሶላው እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ባለትርፍራፊዋ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ትተኩሳለች። ቀና ብላ አየቻት፤ አላፈረችም፣ አልተቆጣችምም። ካውያውን ብቻ መግፋቷን ቀጠለች።

“ኪኒንሽን አስመልስልሻለሁ” አለች ቆጣሪዋ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። “ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ እሄዳለሁ። ውጤቱ መጥቷል። ደምሽ...”

“ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ተመረመርኩ” አለች ሴትዮዋ።

ቆጣሪዋ የአንሶላውን ክምር ተደገፈች።

“አለብኝ” አለች ሴትዮዋ። አንሶላውን አጠፈች፣ ጫፉን ከጫፉ ገጠመች። “ደምሽ ስትዪ ነበር። ምን አለ ደሜ?”

“መድኃኒቱ ነበረበት። ሁልጊዜ። እስካስወጣንሽ ቀን ድረስ።”

“ይሠራ ነበር ማለት ነው?”

“ይሠራ ነበር።”

ካውያው ቆመ። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ጠባሳ በሞላው ክንዷ ጠረገችውና መልሳ ካውያውን ያዘች። “ሕክምና ጀምሬያለሁ፣ አልሞትም” አለች። “ሰውዬውንም አባርሬዋለሁ። እሱ ባለጌ ነው፣ ባለጌነቱን አውቃለሁ። ዶክተራችሁ ጅል ነው፣ ጅል ምን ይደረጋል። አንቺ ግን ታውቂ ነበር።”

ቆጣሪዋ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ሴትዮዋ እያየቻት ነበር፤ አስተያየቷን ቆጣሪዋ ወዲያው ለየችው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን ያየችበት አስተያየት ነው። ልዩነቱ ይህኛው የተገባት መሆኑ ነው። አፏን መልሳ ገጠመች።

“ስትወጪ በሩን ዝጊው” አለቻት ሴትዮዋ። “አንሶላው ላይ አቧራ ይገባል።”

ቆጣሪዋ ወጣች፣ በሩንም ዘጋችው።